ከዘፈኑ መሃል የጮኸው

ሶራብ የካጄታንን ሞት የሰማው የሸክላ ማጫወቻ መርፌ በከንፈሩ እንደያዘ ነው። የሟቹ ልጅ ፊሎሜና ስልክ ደውላ፣ «አባዬ ሌሊት አረፈ» አለችው። መርፌውን ከከንፈሩ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

ዛሬ ሰባተኛው ቀን ነው። ጠዋት ደግማ ደውላ ነበር። ከምሽቱ ቅዳሴ በኋላ ቤት ለሚሰበሰበው ሰው፣ አባቷ ትራምፔት ከነፋበት «የወደቡ ሙሽራ» ከሚባለው ፊልም ሸክላ አንድ ዘፈን ማሰማት ፈልጋለች፤ እሱ ብቻውን የሚሰማበትን። የትኛው እንደሆነ ግን አታውቅም። ሽፋኑ ላይ የተዋንያኑ፣ የዘፋኞቹና የሙዚቃ ደራሲው ስም አለ። ሙዚቃውን የተጫወቱት የስልሳ ሰዎች ስም ግን የለም።

ቦምቤይ፣ አሮጌ ዕቃ ተራ፣ የሶራብ ሸክላ ቤት። ከሰዓት በኋላ ነው። ዳግዱ የሻይ ማንቆርቆሪያውን እግሩ ሥር አስቀምጦ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ድሮ ስቱዲዮ ውስጥ ሻይ ያመላልስ ነበር፤ ዛሬ እዚሁ ገበያ ያዞራል። ሶራብን በአክብሮት «ባዋ» ይለዋል።

ሶራብ፦ ሽጉጥ ነው አልኩህ!

ዳግዱ፦ ሽጉጥ አይደለም፣ ሶራብ ባዋ።

ሶራብ፦ ከሰው ሁሉ ጋር ስስማማ ከአንተ ጋር ልጣላ? ዘፋኟ ሴትዮ «አትሂድ፣ ዝናቡ ይቁም» ትላለች፤ ከዚያ «ጓ!» ይላል። ጓ የሚል ምንድን ነው? ዝናብ?

ዳግዱ፦ እኔ ያልኩት ካጄታን ያለው እዚህ ዘፈን ላይ ነው። ከጓው ቀጥሎ።

ሶራብ፦ ካጄታን ያለው መክፈቻው ላይ ነው! ትራምፔቱ ግድግዳ የሚያፈርሰው!

ዳግዱ፦ እሱ አራት ሰው ነው።

ሶራብ፦ አንድ ሰው ነው! አራት ሳንባ ያለው አንድ ሰው!

(ዳግዱ ነገሩን በቁም ነገር ያስብበታል።)

ዳግዱ፦ አንዱን ሳንባውን እንኳ ሐኪሞቹ ደካማ ነው ብለውት ነበር።

ሶራብ፦ ስማኝ። ይህን ሸክላ ሃያ ሁለት ዓመት ሰምቼዋለሁ። ጋዜጣ ላይ ደብዳቤ አስወጥቻለሁ። «በስቱዲዮው መስኮት ወደ አሸዋ ከረጢት የተተኮሰ እውነተኛ ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ» ብዬ። ማንም አልተቃወመኝም።

ዳግዱ፦ ጋዜጣ ማንበብ አልችልማ።

ሶራብ፦ አንተን ማን ጠየቀህ! ሲኒማ ቤት ያደረግኸውን ረሳኸው? ጀግናው ተኩሶ ባላንጣው ሲወድቅ፣ ከወንበርህ ብድግ ብለህ ለሕዝቡ ሁሉ «ይቅርታ፣ ይቅርታ!» ያልከው አንተ አይደለህም? እኔ በኀፍረት ከወንበሩ ሥር ገባሁ።

ዳግዱ፦ ደንግጬ ነው።

ሶራብ፦ ፊልም እኮ ነው፤ እውነት መሰለህ?

ዳግዱ፦ እሱስ እውነት ነው፣ ባዋ። ይልቅ መርፌውን እዚያ ላይ ያሳርፉትና ይስሙት። ከጓው በኋላ ቀስ ብሎ ቅል፣ ቅል፣ ቅል የሚል አለ።

(ሶራብ ሸክላውን ያስጀምረዋል። ሴትዮዋ ትለምናለች። ጓ! ከሥሩ ስስ የብረት ድምፅ ይንከባለላል። ወዲያው ትራምፔቱ ብቻውን ይገባል፤ ሶራብ ሳያስበው ዓይኑን ይጨፍናል።)

ሶራብ፦ (ዓይኑን ገልጦ) አየህ? ቀለህ ነው! የጥይቱ ቀለህ ወለሉ ላይ ሲወድቅ!

ዳግዱ፦ ስድስት ጎራሽ ቀለህ አይተፋም። ሆዱ ውስጥ ነው የሚያስቀረው። ወንድሜ ፖሊስ ነበር።

(ሶራብ መነጽሩን አውልቆ ንጹሑን መስታወት ይወለውላል።)

ሶራብ፦ ታዲያ ምንድን ነው?

ዳግዱ፦ ማንኪያ።

ሶራብ፦ የምን ማንኪያ?

ዳግዱ፦ የሻይ። ጓው ደግሞ ትሪው ነው። ብርጭቆዎቹ ምንጣፍ ላይ ስለወደቁ አልተሰሙም።

ሶራብ፦ ማን ጣለው?

(ዳግዱ ማንቆርቆሪያውን ያያል።)

ሶራብ፦ ዳግዱ። ማን ጣለው?

ዳግዱ፦ ቀረጻ ላይ መሆናቸውን የሚያሳየውን ቀይ መብራት አላየሁትማ! ስልሳ ሰው አንድ ላይ ሲጫወት ትንፋሽ እንኳ ክልክል ነው፤ አንድ ሰው ካሳለ ሁሉም ከመጀመሪያው ይደግማል። ያን ቀን አሥራ አንደኛ ጊዜያቸው ነው። ሴትዮዋ ድምጿ ሊዘጋ ደርሷል። እኔ ትሪ ይዤ በጀርባዬ በሩን ገፍቼ ገባሁ፤ ገመድ ጠለፈኝ። «አለቀልህ፣ ዳግዱ» አልኩ። የመጀመሪያ ልጄ ከተወለደች ገና ሳምንቷ ነው።

ሶራብ፦ ከዚያስ?

ዳግዱ፦ ካጄታን ተራው አልነበረም። ስምንት ምት ይቀረዋል። ትሪው ሲጮህ ግን ብድግ አለና ነፋ። ልክ ትሪውን ሲጠብቅ የቆየ ይመስል። ሌሎቹም ተከተሉት፣ ዘፈኑ ሳይቆም አለቀ። የሙዚቃ ደራሲው «ማነው ያ!» ብሎ ሲጮህ፣ «እኔ ነኝ፣ ከልጁ ጋር ተነጋግረን ነው» አለው። ተነጋግረን! እኔ ለራሴ አፌ ተሳስሯል።

ሶራብ፦ አላባረሩህም?

ዳግዱ፦ ሊያባርሩኝ ሲሉ የፊልሙ ዳይሬክተር ከመቅረጫው የመስታወት ክፍል እየሮጠ ወጣ። «እዚህ ጋ ሰው ይሞታል!» አለ። እኔ እኮ የሚሞተው እኔ መስሎኝ ወደ በሩ ሄድኩ።

(ሶራብ በርጩማ ፈልጎ ይቀመጣል።)

ሶራብ፦ ቆይ። ዘፈኖቹ የተቀረጹት ከፊልሙ በፊት ነው።

ዳግዱ፦ ሁልጊዜም በፊት ነው። ያኔ ከፊልሙ አንድም ትዕይንት አልተነሳም ነበር።

ሶራብ፦ ከዚያ በፊት ታሪኩ ምን ነበር?

ዳግዱ፦ ፍቅር ብቻ። የጉምሩክ ጸሐፊና ዳንሰኛ ይዋደዳሉ፣ ይጋባሉ፣ አለቀ። ሰው አይሞትም። ጓው ተኩስ ስለመሰላቸው፣ ከትሪው በኋላ ነው ሽጉጡም፣ ፖሊሱም፣ እስር ቤቱም የተጨመረው።

ሶራብ፦ (በቀስታ) ሃያ ሁለት ዓመት ለሰው ስለ አሸዋ ከረጢት ሳስረዳ... ነፍሰ ገዳዩ በየቀኑ ሻይ ያመጣልኝ ነበር።

ዳግዱ፦ ያን ቀን ሲኒማ ቤትም ይቅርታ ያልኩት ለዚያ ነው። ሰውዬው በኔ ምክንያት ነዋ የሞተው።

ሶራብ፦ ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?

ዳግዱ፦ እርስዎ ሲያወሩት ያምራል። ያ አሸዋ ከረጢት ላይ ሲደርሱ እኔም ማመን ጀምሬ ነበር።

(ሶራብ ይስቃል። ሳቁ እንደጀመረው አያልቅም፤ በመሃረቡ ዓይኑን ይጠርግና ሸክላውን ሽፋኑ ውስጥ ይከታል። የራሱን ወንበር ወደ ዳግዱ ይገፋል።)

ሶራብ፦ እዚህ ይቀመጡ፣ አቶ ዳግዱ። ወንበሩ ይሻላል።

ዳግዱ፦ ኧረ ባዋ፣ አያሹፉብኝ!

ሶራብ፦ ዛሬ ቤታቸው ስንሄድ ይህን ለፊሎሜና ራስዎ ይነግሯታል። ዘፈኑን እኔ አጫውታለሁ፤ አፌን አልከፍትም።

ዳግዱ፦ እርስዎ? አፍዎን?

ሶራብ፦ እሞክራለሁ አልኩ። ለመሆኑ ካጄታንን አመስግነውታል?

ዳግዱ፦ ከወደቁት ሻዮች አንዱ የሱ ነበር። በዝንጅብል፣ ያለ ስኳር። «ሌላ አመጣልሃለሁ» አልኩት። ወለሉን ስወለውል የምሳ ሰዓት ሆነ፤ ከምሳ በኋላ እነሱ ሌላ ስቱዲዮ ሄዱ። ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ባገኘኝ ቁጥር «ዳግዱ፣ ሻዬስ?» ይለኛል። እኔም «እየመጣ ነው፣ ወንድሜ» እለዋለሁ። ሁለታችንም እንስቃለን፣ እናልፋለን።

(ሶራብ የሱቁን በር ያወርዳል። ሸክላውን በብብቱ፣ ማጫወቻውን በእጁ ይይዛል። ዳግዱ ማንቆርቆሪያውን አንስቶ ክብደቱን በእጁ ይመዝናል።)

ሶራብ፦ እሱን እዚሁ ይተውት እንጂ፣ ይከብድዎታል።

ዳግዱ፦ ዝንጅብል አለበት። ስኳር አልጨመርኩም።

(ተያይዘው ወደ ባቡር ጣቢያው ይሄዳሉ። የካጄታን ሻይ ገና አልደረሰም።)