ሐዘን በላብ ይወጣል

ሰው ቁጭ ብሎ ሲያይ የሚያመው ፍጡር በየመሥሪያ ቤቱ አንድ አይጠፋም። እኔ በማጸዳበት ፖሊስ ጣቢያ ይህ ዕጣ የወደቀው በክብርት ሳጅናችን ላይ ነው፤ የሴት ፖሊሶች የአካል ብቃትና የአእምሮ ደህንነት ኃላፊ። ማዕረጋቸው ከቁመታቸው ይረዝማል።

መድኃኒታቸው አንድ ነው፦ «ሐዘን በላብ ይወጣል!»

እጮኛዋ የተዋት ኮንስታብል ልታለቅስ ቢሯቸው ገብታ ሃምሳ ቁጭ ብድግ ሠርታ ወጣች። ከአማቷ የተጣላችው ግቢውን ስድስት ጊዜ ዞረች። ስልኬ ተሰረቀ ያለች ባለጉዳይ እንኳ ቃሏን የሰጠችው በአንድ እግሯ ቆማ ነው። ይግረማችሁና፣ ሦስት ደቂቃ ሳይሞላት ስልኩን ትራስ ሥር እንደተወችው ትዝ አላት። ከዚያ ወዲያ ሳጅንን ማን ይቻላቸው!

እኔንም አልማሩኝም።

«እህቴ፣ ስትወለውዪ ሆድሽን ወደ ውስጥ!»

«ሳጅን፣ የኔ ሆድ ከልጅነቱ ጀምሮ ወደ ውስጥ ነው።»

ይባስ ብለው እስረኞቹንም ማሠልጠን ያዙ። በየጠዋቱ አንድ ፊሽካ ሲነፋ ሩጫ፣ ሁለት ሲነፋ ባሉበት ቀጥ ብሎ ጅማት ማፍታታት። ሲመጣ ደረጃ መውጣት ያቃተው አንድ ኪስ አውላቂ በሁለት ወር ደረቱ እንደ በር ሰፋ።

ማንም የማያውቀውን ልንገራችሁ፤ የሳጅን ቀኝ ጉልበት ታሟል። ፋሻቸውን የሚደብቁት መወልወያ በማስቀምጥባት ጠባብ ክፍል ነው። ዓመታዊውን የሩጫ ፈተና ያልጨረሰ ደግሞ መዝገብ ቤት ይዛወራል፤ ጠዋት ተቀምጦ ማታ መነሣት ነው።

«እዚያ ካስቀመጡኝ አቧራ ነው የምሆነው» አሉኝ፣ ባልዲዬን ገልብጠው ተቀምጠውበት። እንባቸውን በእጅጌያቸው ጠረጉ። በላብ የማይወጣም ሐዘን አለ ለካ።

የፈተናው ቀን ሁሉም፣ እስረኛው ሳይቀር፣ ሩጫውን ሊያይ ግቢ ሲወጣ፣ ኪስ አውላቂው አጥር ዘሎ እብስ አለ። ኮንስታብሎቹ ግር ብለው ተከተሉት። ማን ይድረስበት! ያሠለጠኑት ሳጅን አይደሉ! ሳጅንም ፈተናቸውን ትተው እያነከሱ ወጡ፤ በገበያው አልፈው፣ ድልድዩን ተሻግረው፣ ሰውየው ነጥብ ሊያህል ሲል ፊሽካቸውን ሁለቴ ነፉ።

ቀጥ አለ። መሀል አስፋልት ላይ፣ መኪናው ሁሉ ጡሩምባ እየነፋበት፣ አንድ እግሩን ወደ ኋላ ስቦ ያፍታታ ጀመር።

«ምን ነካህ አንተ?» አሉ ኮንስታብሎቹ እየያዙት።

«ሳያፍታቱ ማቆም ጅማት ያኮማትራል። ጠይቋቸው!»

የጣቢያው አዛዥ መንገዱን አስለኩ፤ የፈተናው እጥፍ ሆነ። የሳጅንን ማነከስ አይተው እንዳላዩ ሆነው «አልፈዋል» ብለው ፈረሙ።

ሳጅን መጥተው ባልዲው ላይ ዘጭ አሉ። ጉልበታቸውን በቀዝቃዛ ጨርቅ ሳስር፣ «አሁንስ ይረፉ እንግዲህ» አልኳቸው።

«የኔን ተይው። ያንቺ ጀርባ እንዴት ነው?»

ዘጠኝ ዓመት ይህን ሕንፃ ጎንበስ ብዬ ስጠርግ፣ ጀርባዬን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

«ደህና ነው።»

«ውሸታም! አሥር ቁጭ ብድግ!»

ማንም እንዳያየኝ በሩን ዘጋሁ። አሥራ አንድ ሠራሁላቸው።