የማይሸተው ጎማ

መርካቶ ውስጥ የሚሸጠውን ዕቃ ራሱ የሚጠቀም ሰው አይተህ ታውቃለህ? እኔ አላየሁም። ጫማ ሻጩ የራሱን ጫማ ከሌላ ሱቅ ነው የሚገዛው። ፍራሽ ሻጩ ወገቡን እየደገፈ "እንቅልፍ ነው የምሸጥልህ" ይልሃል። ሸማ ተራ "የእጅ ፈትል ነው" ብለው የሚምሉልህ ሽማግሌ፣ ለሚስታቸው ጋቢ ሲያምራቸው አገር ቤት ነው የሚልኩት። ይሄ ክፋት አይደለም፣ ሙሌ። እውቀት ነው! እኔ ያቺን እውቀት ጥሼ ነው ጉድ የሆንኩት።

"ጠላው እንዴት ሆነ?" ብለህ ጽፈህልኛል። በድምፅ የምመልስልህ ጣቶቼ አልታጠፍ ስላሉኝ ነው። ለምን እንዳልታጠፉ እደርስበታለሁ፤ አታቋርጠኝ። ለነገሩ በምን ታቋርጠኛለህ? የድምፅ መልእክት ደስ የሚለው ለዚህ ነው፤ ሰው ሳይጮህብህ ትጮህበታለህ።

ሥራዬን ታውቃለህ። ጋሽ ሽኩር ሱቅ በር ላይ እንደ ዘንዶ የተጠመጠመ የውኃ ጎማ እሸጣለሁ። ገዢ ይመጣል፣ ጎማውን አፍንጫው ድረስ ያነሳል፣ "ይሸታል" ይላል። እንዴት አይሸት? ሽቶ ነው እንዴ የምሸጠው! ግን እንደዛ አይባልም። ማተብ ካየሁ "በእመቤቴ አይሸትም"፣ ቆብ ካየሁ "ወላሂ አይሸትም"፣ ነገሩ ከጠነከረ ደግሞ "እናቴ ትሙት አይሸትም!" በዚህ አያያዝ እናቴ በቀን ስድስት ሰባቴ ትሞታለች። ማታ ስገባ ግን ራቴን አቅርባ ነው የምትጠብቀኝ። የገዢውን ፊት ደግሞ አላይም። ልማድ ሆኖብኝ ብር የያዘ እጁን ብቻ ነው የማየው።

እንግዲህ የእመቤታችን ማኅበር ተራ እማዬ ጋ ደረሰ። አሥራ ሁለት ሴቶች ናቸው፣ በየወሩ አንዷ ቤት። ባለፈው ወር ደጋሿ እትዬ አስካለ የምትባል ነበረች፤ የሞተች እህቷን ተክታ ገና መግባቷ ነው። እኔ አላውቃትም። እማዬ ጠላውን ቀምሳ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ ምን ብትላት ጥሩ ነው? "አስካለ እህቴ፣ ጠላሽ ደኅና ነው፤ ብቻ ላስቲክ ላስቲክ ይላል።" ሴትየዋ በጋን ነው የጠመቅኩት ብላ ብትገዘት ማን ይመናት! በርሜል ውስጥ ነው የጠመቀችው ተባለ፣ ስሟ ከራጉኤል እስከ ጭድ ተራ ዞረ፣ እማዬም ቤት መጥታ እየሳቀች አወራችልን። እኔም ሳቅኩ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚሉት እኛን አይተው ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ! አሁን በእኛ ተራ አሥራ አንድ ምላስ ስሎ እየጠበቀን ነው። እማዬም ይሄን ታውቃለች፤ ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ የላትም።

ቤታችን አንድ ክፍል መሆኑን ታውቃለህ። ጋን የሚገባው ግቢው ጫፍ ላይ ለብቻው በቆመው የአከራያችን ጋራዥ ነው። ጋራዥ ይባላል እንጂ መኪና አይቶ አያውቅም። ቧንቧው ደግሞ ያለው ግቢው መግቢያ ላይ። ውኃ የሚመጣው በሳምንት ሁለት ቀን፣ እሱም ደስ ካለው። እማዬ ጉልበቷን ያማታል፤ ስለዚህ "ልጄ፣ በጀሪካን ቅዳልኝ" አለችኝ። እኔ? ጎማ የሚሸጥ ሰው ጀሪካን ይሸከማል? ሐኪም ሆነህ ጠንቋይ ቤት እንደመሄድ እኮ ነው! አርባ ሜትር ሰማያዊ ጎማ ከሱቅ አመጣሁና ከቧንቧው እስከ ጋራዡ በቤቶቹ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ዘረጋሁት። ጎረቤት ወጥቶ አየኝ። ግድብ የመረቅኩ ነው የመሰለኝ።

እማዬ መጣች፣ ጎማውን አሸተተች። "ይሄ ነገር ይሸታል እንዴ?" አለች። ምላሴ ልማዱን ይዞ "እናቴ ት..." ብሎ ጀመረ። ዋጥኩት። "በእመቤቴ አይሸትም" አልኳት።

እሷ እኮ ጋኑን በግራዋ ፈትጋ ፈትጋ፣ በወይራ አጥና፣ ጌሾውን አንድ በአንድ ለቅማ ነው ድፍድፉን ያደረሰችው። ውኃ መጨመር ብቻ ነው የቀረው። ውኃው ጠዋት ጠብ ጠብ እያለ ጎማው ውስጥ ገባ፣ ቆመ፣ ቆርቆሮው ላይ እስከ ስምንት ሰዓት በጸሐይ ተቀቀለ፣ ከዚያ በስንት ጸሎት ግፊት አገኘና መጣ። "የመጀመሪያውን ድፋው" አለችኝ። በሳምንት ሁለት ቀን የሚመጣ ውኃ ይደፋል? "ኃጢአት ነው" አልኳትና ቀጥ አድርጌ ጋኑ ውስጥ ለቀቅኩት። ኃጢአት ላይ እኔን መስማቷ ነው የሷ ጥፋት።

የማኅበሩ ዋዜማ ጋኑን ከፈተች። በጣሳ ቀዳች፣ ቀመሰች። ደግማ ቀመሰች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ቁጭ አለችና ቀስ ብላ "ላስቲክ ላስቲክ ይላል" አለች።

ገዝተን እናቅርብ ብላት "እመቤቴን ላታልል?" አለችኝ። አዲስ እንዳንጠምቅ ማኅበሩ ነገ ነው። ደሜ ፈላ! ጎማውን ጠቅልዬ ተሸከምኩና እየሮጥኩ ጋሽ ሽኩር ጋ። "ጋሼ፣ ምን ዓይነት ዕቃ ነው የሚያስመጡት? ይሄ እኮ ሕዝብ መመረዝ ነው!" ምናምን፣ ተራውን ሁሉ ሰበሰብኩላቸው። ሰውየው ተረጋግተው ጎማውን አሸተቱ። "አዲስ ስለሆነ ነው፣ ቢኒ። ሁለት ቀን ጸሐይ ይምታው። ደግሞ ችግሩ ከጎማው አይደለም፣ አፍንጫህ አልለመደውም" አሉኝ። ሙሌ፣ ይሄን ንግግር ማን ፈጠረው? እኔ! "አፍንጫህ አልለመደውም" የምትለዋን እዚያች በር ላይ ቆሜ የፈጠርኳት እኔ ነኝ! እንዲህ እንደምታናድድ ግን አላውቅም ነበር። "ለጠላ ከሆነማ እኔን አትጠይቀኝ" ብለው ጨመሩልኝ፣ "ቀምሼ የማላውቀው ነገር ምን ምን እንደሚል በምን አውቃለሁ?"

በማግስቱ ማኅበርተኛው ተሰበሰበ። እማዬ ነጭ ለብሳ፣ ፊቷም ነጭ ሆኖ ተቀምጣለች። እኔ እቀዳለሁ። እትዬ አስካለ ጥግ ላይ ናት። ሁሉም ብርጭቆውን ይዞ እሷን ያያል፤ እንዴ፣ ፍርድ ቤት እንኳ እንደዛ ጸጥ አይልም! ተጎነጨች። ያዘችው። ዋጠችው። ከዚያ ዓይኗን ወደ እማዬ ሳይሆን ወደ እኔ አነሳች። አየችኝ፣ አየችኝና "አንተ ልጅ፣ የጎማው ልጅ አይደለህም?" አለች።

እንዳልሰማ ሆኜ ሌላ ብርጭቆ ቀዳሁ።

"እሱው ነው!" አለች ወደ ሴቶቹ ዞራ። "ባለፈው ወር ውኃ የቀዳሁበትን ጎማ የሸጠልኝ ይሄ ነው! ይሸታል እንዴ ስለው 'እናቴ ትሙት አይሸትም' ብሎ ምሎልኝ እኮ ነው!"

እናቴ፣ የሞተችው፣ ብርጭቆ ይዛ ተቀምጣለች። እኔን አየች፣ ጠላውን አየች። ከዚያ ያ አሞኛል የምትለው ጉልበቷ ከየት እንደመጣ እንጃ፣ ብድግ ብላ እትዬ አስካለ ጉልበት ላይ ወደቀች። "ይቅር በይኝ፣ አስካለዬ። ያንቺ ጠላ ንጹሕ ነበር፤ ያልጸዳው የወለድኩት ነው።" ተቃቀፉ፣ ተላቀሱ። ሁለት ሴቶች በእኔ ጎማ ሲታረቁ ሌላ ሀገር ቢሆን እሸለም ነበር።

እዚህ ግን ተፈረደብኝ። እማዬ ናት የፈረደችው፣ ሌሎቹ እልል አሉ። ተራው ዞሮ እኛ ቤት እስኪመለስ የሁሉንም የጠላ ውኃ በጀሪካን የምቀዳው እኔ ነኝ። ትናንት አሥራ አራት ጀሪካን ዳገቱን አወጣሁ። ለአንዷ ብቻ ነው! ጣቶቼም በዚያው አልታጠፍ ብለው ቀሩ። ሴትየዋ በር ላይ ቆማ እያንዳንዱን ጀሪካን በአፍንጫዋ እያሸተተች ነው ያስገባችኝ፤ እኔንም ጭምር። "ምን ሆኛለሁ?" ስላት "ምንም፤ አፍንጫዬ አልለመደህም" አለችኝ።

በቃ፣ ሙሌ፣ አሁን የማኅበሩ ጎማ እኔ ነኝ። ላብ በላብ ብሆንም እንኳ አልሸትም። እናቴ ት... ተወው።