አንዲት መስመር ብቻ

ደህና የሚሠራ ነገር ሲያይ እጁ አርፎ የማይቀመጥ ሰው የሌለበት መሥሪያ ቤት ካለ አሳዩኝና ዛሬውኑ ልቀጠር። ለአንድ ትምህርት ቤት የደረሱት ክቡር የንብረት ክፍል ኃላፊው ነበሩ፤ የሁለት ሳምንት የኮምፒዩተር ሥልጠና ከወሰዱ ወዲህ ግን በማዕረጋቸው የጠራቸው የለም። ጋሽ ኮንፊግ ናቸው።

ስሙን ያተረፉት ከአንዲት ፋይል ነው። ያኔ ኮምፒዩተር ሲከፈት እንደ ዛሬው ሁሉን በራሱ አያውቅም። መጀመሪያ ኮንፊግ የምትባል ትንሽ ፋይል አውጥቶ መስመር በመስመር ያነባል። «ፕሪንተር አለህ» ካለችው አለው፤ ካላለችው አሥር ፕሪንተር ቢደረደርለት አያየውም።

ታዲያ ጋሽ ኮንፊግ በየጠዋቱ ከትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ቀድመው ቢሮዋ ገብተው ይጠብቋታል።

«አንዲት መስመር ብቻ ነው የነካሁት፣ የኔ እመቤት!»

ይህን ስትሰማ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ወደ ማሽኑ ትሮጣለች። አንድ ሰሞን «ሜሞሪ በከንቱ እየባከነ ነው» ብለው የማውሱን መስመር ሰረዙና ማውሱ ሳምንቱን ሙሉ ወረቀት እንዳይበር መጫኛ ሆኖ ከረመ። ሌላ ጊዜ ማሽኑ ገና ሲነሳ ሰባት ምርጫ እንዲያቀርብላት አደረጉ፤ የሚሠራው አራተኛው ብቻ ነበር።

«ሌሎቹስ፣ ጋሼ?» ብትላቸው፣

«ለወደፊት ናቸው» አሏት። ኧረ ጉድ ነው!

«እርስዎ ጡረታ የወጡ ቀን እልል ነው የምለው» ትላቸው ነበር። እሳቸውም ይስቃሉ።

ወጡ። እሷም ቃሏን አላጠፈችም፣ እልል አለች። ሁለት ሳምንት ሙሉ ማሽኑን የነካው የለም።

በሦስተኛው ሳምንት ሰኞ አሮጌው ፕሪንተር ሞተና ጋሽ ኮንፊግ ሳይወጡ ያዘዙት አዲሱ መጣ። መቶ አርባ ተማሪዎች ደጅ ላይ ምስክር ወረቀታቸውን ይጠብቃሉ፤ የሚቀጥለው ትምህርት ቤት ምዝገባ በማግስቱ ይዘጋል። ፕሪንተሩ ተሰክቷል፣ በርቷል፣ ግን ጭጭ ብሏል። ርዕሰ መምህሩ በሩ ላይ ቆመው ሰዓታቸውን ያያሉ። ጸሐፊዋ እንባዋ መጣ። ቢጨንቃት ጊዜ ያቺን ነክታት የማታውቃትን ፋይል ከፈተች።

በየመስመሩ መሃል ሰውየው ማስታወሻ ጽፈዋል። ፊቱ ላይ «ሬም» የሚል ያለበትን መስመር ማሽኑ ዘሎት ያልፋልና፣ ለሰው ብቻ የተጻፉ ናቸው።

«ሬም፦ ሲከፈት የሚጮኸው ድምፅ ጠፍቷል፤ ትደነግጣለች።»

«ሬም፦ ፊደሉ ትልቅ ሆኗል፤ መነጽሯን ትረሳለች።»

ከሁሉም በታች፦ «ሬም፦ አዲሱ ፕሪንተር ሲመጣ ከሚቀጥለው መስመር ፊት ሬም የሚለውን አጥፊ። ሌላ እንዳትነኪ!»

አጠፋች። ማሽኑን ዘግታ ከፈተች። ፕሪንተሩ መንጫጫት ጀመረ፤ ርዕሰ መምህሩም እፎይ ብለው ሄዱ።

እሷ ግን ስልኩን አነሳች። እውነቱን ለመናገር፣ በዚያ ሁለት ሳምንት ጠዋት ጠዋት የሚያስደነግጣት ሰው ናፍቋት ነበር። እልል ብላ ሸኝታ ለማን ትናገረው?

«ጋሼ፣ ማሽኑ ተበላሽቶብኛል። አንዲት መስመር ብቻ የሚነካልኝ ሰው አጣሁ።»

«ከኋላሽ የሚንጫጫው ምንድን ነው?»

«እ... የመንገድ ጫጫታ ነው።»

 ከዚያ ኮታቸውን ሲፈልጉ ወንበር ሲገለብጡ ተሰማት።

«መጣሁ! እስክደርስ ማንም እንዳይነካው!»