ጋሼ ታደሰ ለኤሊዬ ደባል ሲመርጡ

ሳይጠየቅ ለሰው ሁሉ የሚመርጥ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? ካላጋጠማችሁ ሰፈራችን ሴንት ጄምስ ታውን ብቅ በሉ፤ ከእኔ በላይ ያለው ፎቅ ላይ ጋሼ ታደሰ አሉላችሁ። ለሰፈሩ ደባልም፣ ሥራም፣ ባልም የሚመርጡት እሳቸው ናቸው። ለእኔም ባል የሚሆን «ዝምተኛ፣ ከቤቱ የማይወጣ» ሰው አግኝተው ለቅዳሜ ቀጥረውኛል። እምቢ ማለት አቃተኝ።

ሐሙስ ዕለት ለኤሊዬ ደባል የሚሆን ዓሣ ልገዛ ስወጣ አብረውኝ ሄዱ። ሻጩ ትንንሽና ፈጣን ዓሣዎች አሳየን፤ ቀርፋፋ ዓሣ ከሆነ ኤሊ ይበላዋል አለ። ጋሼ ፊታቸውን አጨፈገጉ።

«እነዚህማ ቀዥቃዦች ናቸው! ያንን ወፍራሙን ተመልከቺ፤ እርጋታው! የጨዋ ልጅ ነው።»

ትልቅ ሰው እምቢ ይባላል እንዴ? ገዛሁት።

ቤት ስንደርስ «የጨዋ ልጅ» የኤሊዬ ገንዳ ውስጥ ገብቶ ረግቶ ቆመ። ኤሊዬም ረጋ ብላ በላችው። ጋሼ ጅራቱ እስኪጠፋ ድረስ ተመለከቱ። ከዚያ ስልካቸውን አወጡ።

«የቅዳሜውን ቀጠሮ ካንስል ላድርገው።»

ተመስገን! ኤሊዬን ልስማት ምንም አልቀረኝ። እፎይታዬን ዋጥ አድርጌ «ምነው ጋሼ?» አልኳቸው።

አንዴ ገንዳውን፣ አንዴ እኔን አዩ።

«ልጄ፣ እሱም እኮ እናት አለው።»