የምናገባህ ዳቦ

በ2015 ዓ.ም. ክረምት ዕድሜዬ ሰባ ሦስት ነበር፤ ጥርሴ ግን አራት። አራቱም ቢሆኑ አይገናኙም። ሁለቱ ከላይ በቀኝ፣ ሁለቱ ከታች በግራ፣ በድንበር እንደተጣሉ ጎረቤቶች ፊት ተዟዙረው ነው የሚኖሩት። ይህን የምነግራችሁ እንድታዝኑልኝ አይደለም። አንድ ነገር እንድታውቁልኝ ነው፤ በዓለም ላይ እንደ ሽማግሌ ያለ ውሸታም የለም! ልጅ ሲዋሽ ይርበተበታል፣ ነጋዴ ሲዋሽ ይምላል፣ ሽማግሌ ሲዋሽ ግን... ይመርቃል።

ምን አስዋሸህ በሉኝ። እዚህ ሆሳዕና ዳር፣ በእኛ ሰፈር፣ አንድ ደንብ አለ። በያሆዴ፣ አዲሱን ዓመታችንን በምንቀበልበት በመስከረሙ በዓል፣ ሰንጋ ይታረዳል። ከጎድኑ የመጀመሪያውን ጥሬ ሥጋ በጥርሱ ይዞ በቢላዋ የሚቆርጠው የሰፈሩ ታላቅ ነው። ቆርጦ፣ አላምጦ፣ ውጦ ይመርቃል። ካልቻለ ቢላዋው ለተከታዩ ያልፋል። ታላቁ እኔ ነኝ። ተከታዩ ኤርሲዶ ነው፤ በሁለት ዓመት የምበልጠው፣ ያንን ቢላዋ በዓይኑ ሲልስ የኖረ ሰው። በዚያ ክረምት ደግሞ ሸንኮራ ትከሻው ላይ ሳያደርግ ከቤቱ አይወጣም ነበር።

"ሸንኮራ ነው እንጂ ጥርስን የሚያጠነክር!" ይለኛል ባገኘኝ ቁጥር። "ላካፍልህ?"

"ብርድ ነው" እለዋለሁ፣ ጋቢዬን እስከ አፍንጫዬ ስቤ።

ሐምሌ ላይ ሆመቾ ከተማ የምታስተምረው ልጄ ማርታ ለሁለት ቀን መጣች። ስልኳን ዘርግታ፣

"አባባ፣ ሰው ለውሻ የሚጋግረውን ተመልከትልኝ!" አለች።

"ለውሻ?"

"ለስላሳ ዳቦ ነው። ዱባ፣ እንቁላል፣ ዱቄት። ጨው የለው፣ ስኳር የለው።"

"ጥሩ ነው። ነገ ደግሞ ልደቱን ያከብሩለታላ!"

"ያከብሩለታል እኮ፣ አባባ! ሻማ ሁሉ አለው።"

ሳቅን። ለጨዋታ ብላ እሷም ጋገረች። በዱቄቱ ፋንታ ቡላ አደረገችበት፣ ብረት ድስቱ ላይ የእንሰት ቅጠል አነጠፈች፣ ከታችም ከክዳኑም ላይ ፍም አደረገች። ሲበስል ለውሻችን ሰጠነው። ውሻችን ምናገባህ ይባላል። ስሙን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ለማን ብዬ እንዳወጣሁት ጎረቤቶቼ ያውቃሉ። ምናገባህ አሸተተና እንደተሰደበ ሰው አይቶኝ ሄደ። አልፈርድበትም። የሦስት ዓመት ጎረምሳ ነው፣ ጥርሱ መጋዝ። ዱባ ምን ያደርግለታል?

እኔ ግን እንዳይባክን ብዬ... ለእግዜር ስጦታ ክብር ብዬ... ከድስቱ ቆረስ አድርጌ ቀመስኩ። እናንተ! ሟሟ! አንድ ዓመት ሙሉ እንደ መንገድ ድንጋይ የተረገጠ ድዴ መዝሙር ሊጀምር ምንም አልቀረው!

ማርታ በሄደች ማግስት ድስቱን አንስቼ ወደ ጓሮ ስሄድ ሚስቴ አማረች ያዘችኝ።

"ምን ልታደርግ ነው?"

"ውሻው ጥርሱን ታሟል። ለስላሳ ነገር ያስፈልገዋል።"

"ትናንት ቅልጥም ሲሰባብር አልነበር እንዴ?"

"ለዚያ ነዋ የታመመው!"

"አንተ ሰውዬ፣ አርባ አምስት ዓመት እሳት አጠገብ ዝር ብለህ አታውቅም እኮ!"

"ታሞ አያውቅማ!"

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይሉ የለ? እኔም ያዝኩ። በየሁለት ቀኑ ከእንሰቱ ኋላ እጋግራለሁ። ከውሻው ጋር ውላችን ቀላል ነበር። ማዕድ ላይ ሥጋውን ወደ አፌ አስጠጋና በጋቢዬ ሥር ለእሱ አቀብላለሁ። ከዚያ "የውሻውን ምግብ ልሰጥ" ብዬ እወጣና የእሱን ዳቦ እበላለሁ። እሱ በሥጋዬ ወፈረ፣ እኔ በዳቦው ወፈርኩ። ያየ ሁሉ "የጋገርክለት ተስማማው!" ይለኛል።

ወሬው ሀቢቾ ገበያ ደረሰ፤ ሰውዬው ለውሻ ይጋግራል ተባለ። ግማሹ ጃጅቷል አለ፣ ግማሹ ለጸሎት አስያዘኝ። ኤርሲዶማ ሸንኮራውን እንደ ጠመንጃ አንግቶ፣ "ለያሆዴ ውሻህን እንዲመርቀን አምጣው እንጂ!" እያለ አሳቀብኝ።

የወፍጮ ቤቱ ሐጂ ከድር ብቻ አልሳቀም። አንድ ቀን በአጥሩ በኩል ጠራኝ።

"ያ የውሻ ዳቦ... ድመት ይበላዋል?"

"ሐጂ፣ ድመት አለህ እንዴ?"

"እያሰብኩበት ነው።"

አራት ቁራሽ ሰጠሁት። በሦስተኛው ቀን ተመልሶ መጣ።

"ድመቷስ?"

"ገና ናት። ዳቦው ግን አለቀ።"

ጨመርኩለት። በሱ ከሳቅኩ በማን ልሸሸግ ነው?

ያሆዴ ደረሰ። ሰፈሩ በሙሉ ተሰበሰበ፣ ሰንጋው ተጣለ፣ የጎድኑ ሥጋ በእንሰት ቅጠል ቀረበልኝ። ዘዴዬን ሁለት ወር ተለማምጄዋለሁ፤ ጋቢ አለ፣ ውሻ አለ፣ ምን ቀረኝ? ግን ውሻ በበላበት ይጮኻል የሚለውን ተረት ረስቼ ነበር። ምናገባህ ጋቢዬ ሥር መግባቱን ትቶ ፊት ለፊቴ፣ ሕዝቡ መሀል ቁጭ አለና ጮኸ። ድርሻዬስ ነው የሚለው!

"ሂድ!" አልኩት በቀስታ።

"ዋው!"

ሥጋውን አፌ ላይ አድርጌ በአንዷ ጥርሴ ያዝኩት። ቢላዋውን ሳነሳ ውሻው ሁለት እጁን ጉልበቴ ላይ ጭኖ፣ በትሕትና፣ ሥጋውን ከአፌ ሳብ አድርጎ ወሰደ። ሥጋው ብቻ ቢሆን ባልከፋ... ጥርሷም አብራ ሄደች።

"ደንብ ደንብ ነው!" ብሎ ኤርሲዶ ተነሳ። ቢላዋውን ከእጄ ወሰደ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ፣ እንደምንም ጎርሶ ዞረ። አላመጠ። አሁንም አላመጠ። ሰባት መዝሙር የሚያስዘምር ጊዜ አላመጠ! ፊቱ በርበሬ መሰለ። ምናገባህ የእኔን ጨርሶ፣ አፉን ልሶ፣ ሄዶ ኤርሲዶ እግር ሥር ተቀመጠና ጠበቀ። ውሻ ያውቃል። ሕዝቡ ውሻውን ያያል፣ ውሻው ኤርሲዶን ያያል። በመጨረሻ የኤርሲዶ እጅ ወደ አፉ ወጣች፣ ከዚያ ቀስ ብላ ወደ ውሻው አፍ ወረደች...

ያኔ ነው የበራልኝ። ያ ሸንኮራ! ከሐምሌ ጀምሮ ተሸክሞት የሚዞረው ያው አንድ ያልተገመጠ ሸንኮራ ነበር!

አማረች አተካናውን ይዛ መጣች፤ ቡላው በቅቤና በወተት ተሠርቶ ከነሙቀቱ። ማንኪያውን እጄ ላይ አስቀመጠች።

"ቢላዋውን አኑሩት፤ ዘንድሮ በማንኪያ ይመረቅ" አለች። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ "ለውሻ ጨው አይደረግም እያልክ ጨው ስትነሰንስ አይቼሃለሁ። ዱባውንስ ማን እየቀቀለ የሚያስቀምጥልህ መሰለህ?"

ጎረስኩ፣ ዋጥኩ፣ መረቅሁ። ሳልዋሽ ስመርቅ ያ የመጀመሪያዬ ነው። ማንኪያውን ለኤርሲዶ አሳለፍኩለት፤ ሳያየኝ ተቀበለ።

በማግስቱ ጠዋት ብረት ድስቱን ከእንሰቱ ኋላ አውጥቼ መንገድ ዳር፣ ደጃፌ ላይ ጣድኩት። ሐጂ ከድር ያለ ድመት መጣ። ኤርሲዶ ያለ ሸንኮራ መጣና አጠገቤ ቁጢጥ አለ።

"ለውሻው ነው?" አለኝ።

"ለሽማግሌ ነው" አልኩትና ጨው ጨመርኩበት።