ብዕሩን አልይዝልዎትም

ሰው ሲጽፍ ቁጭ ብሎ እንደማየት የሚያቁነጠንጠኝ ነገር የለም። እናንተስ? አንዲት ፊደል ለመጻፍ ሦስት ጊዜ ምራቁን የሚውጥ ሰው አጠገብ ተቀምጣችሁ ታውቃላችሁ? ያውም በሸዋ ሮቢት ሙቀት፣ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር።

የኔ ሥራ ደግሞ እሱ ነበር። በደርግ ጊዜ ነው። ሮቢት የመሠረተ ትምህርት አስተማሪ ሳለሁ፣ ፊደል የጨረሱ ሰዎች ከሰዓት በኋላ ንባብ ቤት እየመጡ ደብዳቤም ማመልከቻም ሲጽፉ አግዛቸዋለሁ። ሕጉ አንድ ነው፦ ጠይቃቸው እንጂ ብዕር አትያዝላቸው። እንደኔ ላለ ችኩል ከዚህ የከፋ ቅጣት አለ? እጄን ጭኔ ሥር ቀብሬ ነበር የምቀመጠው።

ሰዉ የለመደው ገበያ ዳር ተቀምጦ በክፍያ ማመልከቻ የሚጽፈውን ራፖር ጸሐፊ ነው። እሱ አልቅሶ ያስለቅስልሃል፤ ያንተ ድርሻ መፈረም ብቻ ነው። እትዬ ዘሃራም ይህንኑ ፈልገው መጡ። መንደር ምሥረታ ደርሶባቸው፣ ወንዝ ዳር ያለ ቤታቸውን አፍርሰው ወደ አዲሱ መንደር እንዲገቡ ታዘዋል። በእጃቸው የተከሉት ማንጎ ደግሞ ገና ማፍራት መጀመሩ ነው። «ደሃ አደግ ልጆቼን ታቅፌ፣ ብለህ ጀምርልኝ» አሉኝ። ልጆችዎ ወልደው ከብደው የለም ወይ ብላቸው፣ «እሱ ቤት ነው፤ ማመልከቻ ላይ ደሃ አደግ ናቸው» አሉ።

ብዕሩን ለእሳቸው ሰጠኋቸው፤ ጻፉ፣ ደመሰስን። ምን ይፈልጋሉ? ለምን? እያልኩ ስነዘንዛቸው ሦስት ቀን ሄደ። እግሬ ጠረጴዛውን ሲያንቀጠቅጥ «አንተ ልጅ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፤ አርፈህ ተቀመጥ» ይሉኛል። በመጨረሻ የወጣው ይኸው ነው፦ «ማንጎዬን ትቼ አልሄድም። አዲሱ መንደር ሩቅ ነው። ውኃ የማጠጣው እኔ ብቻ ነኝ። ብሄድ ይደርቃል።» አለቀ። አፈርኩ እላችኋለሁ። እኔ ብጽፈው ኖሮ ሁለት ገጽ ይሆን ነበር፤ ማንጎው ግን አይገባበትም።

ማመልከቻውን ለገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ወሰዱት። ሊቀ መንበሩ አንብበው፣ ትእዛዙ ከላይ የመጣ ነው አሉ። እትዬ ዘሃራ ወይ ፍንክች። ወላሂ ምክንያቱን ካልጻፉልኝ አልነሳም፤ መምህሩ እንዲህ ያለውን መልስ አይቀበልም፣ እኔንም ሦስት ጊዜ አስደምስሶኛል ብለው በሩ ላይ ቁጭ አሉ።

በማግስቱ ሊቀ መንበሩ ራሳቸው ንባብ ቤት ከች አሉ። አንተው ነህ ያመጣህብኝ፣ መልሱንም አንተው ጻፍልኝ አሉኝ። በዚያ ዘመን ሊቀ መንበርን እምቢ ማለት ምን እንደሚያስከትል ልንገራችሁ? ፈራሁ፣ አልዋሽም። ግን ብጽፍላቸው እትዬ ዘሃራን ከማንጎአቸው የሚነቅላቸው የኔ እጅ ሊሆን ነው።

«ጓድ ሊቀ መንበር፣ ሕጉ ብዕር መያዝ አይፈቅድልኝም» አልኩ። «መጠየቅ ግን እችላለሁ። ለምን ይነሱ?»

«የሚነሱበት ምክንያት» ብለው ጻፉና ብዕሩ ቆመባቸው። ላባቸው ወረቀቱ ላይ ጠብ አለ። እኔም በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልቁነጠነጥ ጠበቅሁ። ቆይተው ወረቀቱን አጣጠፉና አስቤበት እመጣለሁ ብለው ወጡ።

ከሮቢት እስክዛወር ድረስ ሁለት ዓመት የእትዬ ዘሃራን ማንጎ በላሁ። ሊቀ መንበሩ እያሰቡ ነበር።