አሥራ አንድ እግር ቲማቲም፣ ያለ ቀሪ

ሰው ሁሉ መዝራት የሚችል ይመስለዋል። ዘር ይገዛል፣ አፈር ላይ ይበትናል፣ ውኃ ይደፋበታል፣ በቃ፣ አትክልተኛ ሆነ። እስቲ «ስንት እግር ቲማቲም ነው የምትፈልገው?» ብላችሁ ጠይቁት። ዓይኑን ያፈጥጥባችኋል። ከዚያ «የበቀለውን ያህል» ይላችኋል። የበቀለውን ያህል! ይሄ መልስ ነው እንዴ? እኔ እዚህ ደባርቅ ሒሳብ አስተምራለሁ። ተማሪዬ እንዲህ ብሎ ቢጽፍልኝ በቀይ እስክሪብቶ ከዳር እስከ ዳር ነው የምሰርዝበት።

እኛ ትምህርት ቤት አንድ የባዮሎጂ መምህር አለ። ስሙን አልጠራም፣ ራሱን ያውቃል። ካቻምና አንድ ፓኬት የቲማቲም ዘር ገዛና እንዳለ ዘራው። እንዳለ! አንድ ፍሬ ሳያስቀር። በቀለለት፤ መቶ ምናምን ችግኝ። የተከራያት ደግሞ አንዲት ክፍል ናት፣ ጓሮ የላት፣ በረንዳ የላት። ነቅሎ እንዳይጥለው አንጀቱ አልችል አለ። ታዲያ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? የውኃ ፕላስቲክ እየቆረጠ፣ ችግኝ እየተከለበት፣ ለመምህራን ማደል ጀመረ። እምቢ ማለት ነውር ነው፣ ሁሉም ተቀበለ። ርእሰ መምህሩ እንኳ ጠረጴዛቸው ላይ ሁለት ነበሯቸው፤ ፊርማ ፈልጎ የገባ ሰው በቅጠል መሀል ነበር የሚያያቸው። በመጨረሻ ሁሉንም ውርጭ ፈጀው። ሰው ሁሉ ውርጩን ረገመ። እኔ ግን ጥፋቱ የውርጩ አይደለም ባይ ነኝ። ሰውዬው ሒሳብ አልሠራም።

ጎረቤቴ አያ ደምሌማ ይብሳሉ። ጡረተኛ ናቸው፣ ጊዜ ሞልቷቸዋል፣ ቁጭ ብለው ማስላት ይችሉ ነበር። እሳቸው ግን መስከረም ላይ አንድ የበሰበሰ ቲማቲም ይዘው ወጡና በተቀደደ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ አፈር ውስጥ ጨፍልቀው ቀበሩት። አጥሩ ላይ ተንጠልጥዬ አየሁ።

«ስንት እግር ሊያወጡ ነው፣ አያ?» አልኳቸው።

«እግዜር ያውቃል» አሉኝ።

ሳቄን ይዤ ገባሁ።

እንግዲህ የእኔን አሠራር ስሙ። በመጀመሪያ፣ ቲማቲም የሚፈለገው መቼ ነው? በሁዳዴ። በፍስክ ጊዜማ ቅቤ እያለ፣ ሥጋ እያለ፣ ቲማቲምን ማን ዞር ብሎ ያየዋል? በጾሙ ግን ሽሮና ምስር ብቻውን ይሰለቻል። ገበያ ላይ ያለው ደግሞ ከቆላ በአይሱዙ ተጭኖ ሊማሊሞን ወጥቶ የሚመጣ ነው፤ እስኪደርስ ግማሹ ተጨፍልቋል። ስለዚህ ከጓሮ መብላት። ሁዳዴ አምሳ አምስት ቀን ነው። ቤት ውስጥ ሦስት ሰዎች ነን፦ እኔ፣ ባለቤቴ ማንጠግቦሽና ከጃናሞራ መጥተው እኛ ዘንድ የሚኖሩት አማቴ፣ እማሆይ። በቀን በነፍስ ወከፍ አንድ ቲማቲም። አምሳ አምስት ሲባዛ በሦስት፣ መቶ ስልሳ አምስት። አንድ እግር አሥራ አምስት ፍሬ ይሰጣል ብለን እንያዝ። መቶ ስልሳ አምስት ሲካፈል ለአሥራ አምስት፣ አሥራ አንድ። ነጥብ የለው፣ ቀሪ የለው። ሒሳብ አስተማሪ ያልሆነ ሰው ይሄ ምን ዓይነት ደስታ እንደሆነ አይገባውም።

ችግሩ መሬቱ ነበር። ከቤታችን ጀርባ፣ ፀሐይ ከሚያገኘው አጥር ሥር፣ አንዲት መደብ አለችን። «አለችን» ማለቴ ልማድ ሆኖብኝ ነው፣ የማንጠግቦሽ ናት። በየዓመቱ ነጭ ሽንኩርት ትተክልባታለች፣ ለፋሲካ ዶሮ ይደርስላታል። ሒሳቡን በወረቀት አሳየኋት። ወረቀቱን ሳይሆን እኔን አየችኝ።

«አራት እግር ትከል፣ ዳር ዳሩን» አለች። «ሽንኩርቴን አትንካብኝ።»

አራት! ከየት የመጣ አራት ነው? በምን ቀመር? ጠየቅኳት። «አራት ይበቃል» አለች፣ ቀመሯ ይሄ ነው። ያን ዕለት ስንከራከር እማሆይ ጥጋቸው ላይ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ይቆጥሩ ነበር። ድንገት አቆሙና፣ «የአክፍሎቱን ቀንሰሃል?» አሉኝ።

አክፍሎት እንግዲህ ታውቃላችሁ፤ ከጸሎተ ሐሙስ ማታ ጀምሮ ትንሣኤ እስኪበሰር እህል ውኃ ሳይቀምሱ ማክፈል ነው። ሁለት ቀን ቀንሼ አሰላሁት። አሥር ነጥብ ስድስት መጣ። ነጥብ ስድስት ቲማቲም የት ነው የሚተከለው? አፈር ውስጥ ወገቡ ድረስ? አሮጊት እናት ናቸው ብዬ በአክብሮት ዝም አልኩ፤ በልቤ ግን እንዲህ ያለ የጠራ ሒሳብ በሁለት ቀን ምክንያት ሊያበላሹብኝ ነው ብዬ ተናደድኩ። አሥራ አንዱን አጸናሁ።

ማንጠግቦሽ መጨረሻ ላይ «እሺ» አለች። ሴት ልጅ ቶሎ እሺ ስትል መጠርጠር ነበረብኝ።

«ሁዳዴ ሳይወጣ ከዚህ መሬት የወጣ አንድ ቲማቲም እንኳ ከበላን፣ መሬቱ ላንተ፣ ለዘለዓለም። ካልበላን ግን ሁለተኛ ዶማ ይዘህ ወደዚያ ስትሄድ እንዳላይህ።»

አንድ ቲማቲም! እኔ የማወራው ስለ መቶ ስልሳ አምስት። እጄን ዘርግቼ መታሁላት።

ዘሩን ከዳባት ነው የገዛሁት። ሻጩ ፓኬቱን ይዞ «ለደጋ ነው ለቆላ?» አለኝ። ዘር ሻጭ ሲባል እንዲህ ነው፣ ሥራ የለውም፣ ሰው ማዋራት ይወዳል። «ለሁዳዴ» አልኩት። ፓኬቱ ላይ ሰማንያ ቀን ይላል። ከዘወረደ ወደ ኋላ ሰማንያ ቀን ቆጠርኩ፣ ኅዳር መጀመሪያ ላይ አረፈ። በዕለቱ ጀሪካን ለሁለት ሰንጥቄ፣ አፈር ሞልቼ፣ አሥራ አንድ ጉድጓድ በጣቴ ሠርቼ፣ አሥራ አንድ ፍሬ ዘራሁ። ሁሉም በቀሉ። እውነቴን ነው፣ አሥራ አንዱም! መስኮቱ ሥር በሰልፍ ሲቆሙ የባዮሎጂ መምህሩን ጠርቼ አሳየሁት። አንድ፣ ሁለት ብሎ ቆጠረና ሄደ። በቅናት ነው ብዬ ተረጎምኩት።

ታኅሣሥ ላይ የማንጠግቦሽን ሽንኩርት ነቀልኩ። ገና ራስ ያልቋጠረ ለጋ ሽንኩርት ነበር። ቆማ ታየኝ ነበር። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል፤ ያን ጊዜ ግን በምተክላቸው ችግኞች መሀል ያለውን ርቀት በማስመሪያ እየለካሁ ነበር። የጥር ውርጭ ሲመጣ በማዳበሪያ ከረጢት እየሸፈንኩ፣ ጠዋት ጠዋት እየገለጥኩ፣ አንድም ሳይሞትብኝ አሻገርኳቸው። ብቻ አላደጉም። ብርድ ላይ እንደቆመ ሰው ትከሻቸውን ሰብስበው ቆሙ።

ሁዳዴ ገባ። በዘወረደ ሳምንት ቁመታቸው ስንዝር ነበር። ፓኬቱን አወጣሁና ደግሜ አነበብኩ፣ ሰማንያ ነው የሚለው። ጣቴን እያጠፍኩ ቆጠርኩ፣ ሰማንያው ሞልቷል። በምኩራብ ሳምንት ቅጠል ጨመሩ። በደብረ ዘይት፣ ጾሙ ሲጋመስ፣ አበባ አወጡ። እኛ ሽሮ እንበላለን። ማንጠግቦሽ ሰሃኑን ስታቀርብ በየቀኑ ወደ ጓሮው በር አየት ታደርጋለች፤ እኔ ደግሞ ሽሮው ውስጥ የወደቀብኝ ነገር ያለ ይመስል አቀረቅራለሁ።

በገብርኄር ሳምንት አያ ደምሌ መጡ። በጋቢያቸው ጫፍ የሆነ ነገር ቋጥረዋል። ፈቱት። ቲማቲም! ቀይ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ግማሹ ጠማማ። ከዚያች ከተቀደደች ሳፋ!

«ለእማሆይ፣ ለጾማቸው» አሉ።

«ስንት ነው?» አልኩ።

«እሱን መቁጠር ምን ያደርጋል፣ ልጄ? ብሉት።»

ማንጠግቦሽ በቃሪያና በሽንኩርት ከትፋ፣ ሎሚ ጨምቃ አቀረበችው። አልበላም አልኩ። እኔ የራሴ አለኝ፣ ጓሮ ነው ያለው፣ ሊደርስ ነው። ሽታው አፍንጫዬ ሥር እየመጣ ሽሮዬን በላሁ። እሑድ ሁለቱም ቅዳሴ ሄደው ሳለ ግን ከቀረው ላይ አንዲት ትንሽ አነሣሁ፣ ጨው ነስንሼ ዋጥኳት። ማንጠግቦሽ ስትመለስ ሰሃኑን አየችና «ዘጠኝ ነበር፣ ስምንት ሆኗል» አለች። ከዚያ ወደ ሌላ ወሬ አለፈች። ሴትዮዋ መቁጠር እንደምትችል ያወቅኩት ያን ቀን ነው።

በሆሳዕና ፍሬዎቼን ቆጠርኩ። መቶ ሰባ ሁለት! ከዕቅዴ በሰባት በልጧል። የአሥራ አንዱ ሒሳብ ተረጋገጠ ማለት ነው፣ የፈለገ ይምጣና ይቁጠር። የቀላ ግን አንድ የለም። በስቅለት ሰው ሁሉ ኃጢአቱን እያሰበ ሲሰግድ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ እኔ የማስበው ጥግ ላይ ያለችውን አንዲት ፍሬ ነበር። ጠዋት ስወጣ ጫፏ ብርቱካን መልክ ይዞ ነበር።

ቅዳም ሹር ጠዋት ማንጠግቦሽ ገበያ ላከችኝ። ለምን ይመስላችኋል? ለነጭ ሽንኩርት። ዶሮው ያለሱ አይሠራማ። ገበያው ግጥም ብሏል። ሻጯ «እናንተ እኮ ከጓሯችሁ ነበር» አለችኝ። ከተማዋ ትንሽ ናት፣ የማንጠግቦሽን ሽንኩርት የማያውቅ የለም። ሽንኩርቱን ተቀብዬ በጥድፊያ ተመለስኩ።

ቤት ስደርስ በቀጥታ ወደ ጓሮ ሄድኩ። ቀልታለች! ሙሉ በሙሉ አይደለም፣ ግን ማንም ፍርድ ቤት ቀይ ይላታል። ቀጠፍኳት። ገና ቀን ነው፣ ሁዳዴ አልወጣም፣ ውርርዱ አላለቀም። እየሮጥኩ ገባሁና ለማንጠግቦሽ ዘረጋሁላት። ሽንኩርት እየላጠች ነው፤ «አክፋይ ነኝ» አለችኝ። ወደ እማሆይ ዞርኩ። እማሆይ ከሐሙስ ጀምሮ ውኃ እንኳ አልቀመሱም፤ ዓይናቸውን ብቻ አነሡ። እኔም የዚያን ዓመት አማቴን ላስደስት ብዬ አክፍዬ ነበር። ግን መሬት እኮ ነው! ለዘለዓለም እኮ ነው! እግዜር ያውቅልኛል ብዬ አፌን ከፈትኩ።

«ገብረ ሰላመ በመስቀሉ!»

የንስሐ አባታችን ቄስ ሙሉ ናቸው፣ ቄጤማቸውን ታቅፈው በራችን ላይ ቆመዋል። አፌን እንደከፈትኩ ቀረሁ። በንስሐ አባት ፊት አክፍሎት የሚገድፍ ማን አለ? ማንጠግቦሽ ደግሞ ጊዜ አላጠፋችም፣ ነገሩን ከአሥራ አንዱ ጀምራ እስከ ገበያው ሽንኩርት ድረስ ነገረቻቸውና «ይፍረዱን፣ አባቴ» አለች። ቄስ ሙሉ ቄጤማውን ግንባሬ ላይ እያሰሩ አሰቡ።

«ልጄ» አሉኝ፣ «ብትበላው አክፍሎትህን ታጣለህ፣ ባትበላው መሬትህን። እኔ ምን እላለሁ? እጅህ ላይ ነው ያለው።»

ሦስቱም ያዩኛል። ከጥጉ እማሆይ በደከመ ድምፅ ተናገሩ፦

«የአክፍሎቱን ቀንሰሃል ወይ ብዬህ ነበር።»

ቲማቲሟን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኳት። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

በፋሲካው ማግሥት ሁሉም ቀሉ። ሁሉም፣ በአንድ ጊዜ! ሰሃን ሞልቼ አያ ደምሌ ዘንድ ሄድኩ። ሰሃኑን አዩ፣ እኔን አዩ፣ «ልጄ፣ በግ እኮ አርደናል» አሉኝ በሐዘኔታ። ሌላም በር አንኳኳሁ፣ ሌላም። በዓለ ኀምሳ ነው፤ አምሳ ቀን ሙሉ ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። አንዷ ጎረቤት «ለሰኔው ጾም ብታቆየው» አለችኝ፣ ቲማቲም ባቄላ ይመስል። በመጨረሻ በፌስታል ሞልቼ የመምህራን ማረፊያ ክፍል ገባሁና ማደል ጀመርኩ። የባዮሎጂ መምህሩ ሁለት አነሣ፣ አመሰገነኝ፣ ከዚያ ሁሉም እየሰማ «ስንት እግር ተክለህ ነው?» አለኝ። እንዲህ ዓይነቱ ሰው ጨዋነት አያውቅም።

መደቧ ዛሬ ዳር እስከ ዳር ነጭ ሽንኩርት ናት። ማንጠግቦሽ አንድ ባዶ የዘይት ቆርቆሮ ሥሩን በሚስማር በስታ ሰጠችኝ፤ «በሁዳዴ የቀላልህ አንድ ነው፣ መሬትህም የአንድ ነው» አለች። ተከራክሬያለሁ። አሥራ አንዱ ትክክል ነው፣ ቸኩሎ የመጣው ፋሲካው ነው አልኳት። አልሰማችኝም። ቆርቆሮዋን በረንዳ ላይ አኖርኳትና ዘሩን መስከረም ላይ ቀበርኩ። ከአያ ደምሌ ኮርጀህ ነው የሚለኝ ካለ ውሸቱን ነው፤ የራሴ ሐሳብ ነው።

በቀደም የባዮሎጂ መምህሩ ቤታችን መጣ። ቆርቆሮዋን ዞሮ ዞሮ አያት።

«ዘንድሮ አንድ እግር ብቻ?» አለኝ።

«አዎ» አልኩት፣ ኮስተር ብዬ። «በጥናት ነው።»